እሳቱ የት ይቆማል?

«አሜሪካ ድረስ መጥቼ እንደ አባቴ ልተኮስ?»

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ይህን ያለው ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ሐኪም ፊት ተቀምጠን ነው። ጉበቱ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ዕጢ ተገኝቷል፤ ካንሰር ነው። ጉበቱ በሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት ስለተጎዳ ቆርጦ ማውጣቱ ያሰጋል ተባለ። ስለዚህ በቆዳው በኩል ቀጭን መርፌ አስገብተው ዕጢውን በሙቀት ሊገድሉት ነው። ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ አቅርቦ ነበር፤ ጋሼ ግን «የሷ አማርኛ ይከብደኛል» ብሎ እኔን ያዘ።

የፈቃድ ወረቀቱን መተርጎም የኔ ዕጣ ሆነ። መድማት። መግል መቋጠር። የአንጀት መበሳት። የሐሞት ቧንቧ መጥበብ። የቆዳ ቃጠሎ። ካንሰሩ በመርፌው መንገድ ላይ መዘራት። ሞት። የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ዝቅ ማለቱ ለራሴም ታወቀኝ። ጋሼ ምንም ሳይል ፈረመ።

መኪና ውስጥ ነው ስለ አባቱ ያወራኝ። ጎጃም፣ ጋሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ የአያቴ ዓይን ቢጫ ሆነ። «የወፍ በሽታ ነው» ተባለ። አንድ አዋቂ የሚባል ጎረቤት የማጭድ ጫፍ እሳት ውስጥ አግሎ ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ሦስት ቦታ ተኮሳቸው። ከሳምንታት በኋላ አረፉ። መተኮሱ ይሁን በሽታው፣ የጠየቀም የጻፈም የለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያ የወረቀቱ ዝርዝር ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ።

እሳትና ጉበት ለካ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩት የጥንት ግሪክ ጽሑፎች ጉበቱ መግል ይዞ ስለሚተኮስ ሕመምተኛ ያወራሉ። ከሺህ ዓመት በፊት በኮርዶባ አቅራቢያ የኖረው ሐኪም አል-ዛህራዊም በትልቁ የሕክምና መጽሐፉ ጉበትን ስለ መተኮስ ጽፏል፤ የመተኮሻ ብረቶቹን ሳይቀር በሥዕል አሳይቷል። የአያቴ ጎረቤት ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። የጋለ ብረት ግን በመንገዱ ያለውን ሁሉ ሳያቃጥል ውስጥ ያለ ዕጢ ጋ አይደርስም።

ይህን የቀየረው ኤሌክትሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ፈረንሳዊው አርሰን ዳርሶንቫል እጅግ ፈጣን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሰውነት ሲያልፍ ጡንቻ ሳያንዘፈዝፍ እንደሚያሞቅ አሳየ። በ1926 ቦስተን ውስጥ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሃርቬይ ኩሺንግ፣ ዊልያም ቦቪ በሠራው መሣሪያ ደም እያቆመ ዕጢ አወጣ። በ1990 ደግሞ የካሊፎርኒያው ጆን ማክጋሃንና የጣሊያኑ ሳንድሮ ሮሲ፣ ለየብቻቸው፣ ይኸው ኤሌክትሪክ በመርፌ ወደ እንስሳ ጉበት ሲገባ አንድ ትንሽ ቦታ ለይቶ ማብሰል እንደሚችል አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ላይ ተሞከረ።

«ማብሰል» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሴሉ ፕሮቲን እንደ እንቁላል ይረጋል፤ ሴሉም ወዲያው ይሞታል። ጠርዝ ላይ የተረፈች ሴል ነገ ተመልሳ ስለምታድግ፣ ሐኪሙ ከዕጢው አልፎ ዙሪያውንም ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ማብሰል ይፈልጋል።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ጉበት ጎረቤቱ ብዙ ነው፦ ከላይ ድያፍራም፣ ከሥር የሐሞት ከረጢትና ትልቁ አንጀት፣ በውስጡ የሐሞት ቧንቧዎችና ትልልቅ የደም ሥሮች። ሙቀት ደግሞ ድንበር አያውቅም። አንጀት ጋ ከደረሰ ግድግዳውን ይጎዳል፤ ቀዳዳው ሰውየው ቤቱ ከገባ ከቀናት በኋላ ሊከፈት ይችላል። የሐሞት ቧንቧ ከነካ ቧንቧው ጠባሳ ይዞ ይጠባል። ድያፍራም ከነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ዕጢ ደግሞ በደንብ አይበስልም፤ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ሲበዛ ጎረቤት ይጎዳል፣ ሲያንስ ካንሰር ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ግር ያለኝ የቆዳ ቃጠሎም ያኔ ገባኝ፤ ኤሌክትሪኩ ከሰውነት የሚወጣው ጭን ላይ በሚለጠፉ ፓዶች ስለሆነ፣ እነሱ ሥር ያለው ቆዳም ሊቃጠል ይችላል።

በ2001 ባርሴሎና ውስጥ ያሉ ሐኪሞች የሚያስደነግጥ ነገር አሳተሙ። በዚህ መንገድ ካከሟቸው 32 ሰዎች በአራቱ ላይ ካንሰሩ መርፌው ባለፈበት መንገድ በቅሎ ተገኘ። ከስምንት ሰው አንድ ማለት እኮ ነው! በተለይ ዕጢያቸው ከጉበቱ ቆዳ ሥር የነበረና ዓይነቱ የከፋ ሰዎች ላይ ነው የታየው። ሐኪሞቹ ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ መደበቅ ይችሉ ነበር።

በ2003 ደግሞ ቲቶ ሊቭራጊና ባልደረቦቹ ከ41 የጣሊያን ማዕከላት 2,320 ሕመምተኞችን ቆጠሩ። ስድስት ሰዎች ሞተዋል፤ ሌሎች 50 ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የመርፌ መንገዱ ካንሰር 12 ሰው ላይ ተገኘ፤ ከባርሴሎናው በጣም ያነሰ። እኔን የያዘኝ ግን የስድስቱ ሞት ነው። እያንዳንዱ በምን እንደሞተ ተጽፏል። ሁለቱ አንጀታቸው ተበስቶ፣ አንዱ ዕጢው ፈንድቶ ደም ፈሶት፣ ሌላው የሐሞት ቧንቧው ጠቦ። የአንዱ ምክንያት አልታወቀም፤ እሱንም አልታወቀም ብለው ጻፉት።

ከዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ዘዴ ተወለደ። መርፌው ሲወጣ መንገዱን እያቃጠሉ ማውጣት ተለመደ። አንጀት ሲቀርብ በመካከል ፈሳሽ ጨምረው ያርቁታል። ፈሳሹ የስኳር ውሃ ነው፤ የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የጋሼ ዕጢ አንጀት አጠገብ ስለነበር ለሱም ይኸው ተደረገለት።

በሦስተኛው ሌሊት ትኩሳቱ 38.5 ገባ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ነርሷ ጥያቄ ደረደረች፦ ብርድ ብርድ ይለዋል? ሆዱ ጠጥሯል? ትከሻውን ያመዋል? ዓይኑ ቢጫ ሆኗል? ሽንቱስ? እየተረጎምኩ ሳለ ያ የወረቀት ዝርዝር መሆኑ ገባኝ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጀርባ ከኛ በፊት የተጎዳ ሰው አለ። ከሕክምናው በኋላ ለቀናት ማተኮስና መድከም የተለመደ ነው፤ የሞተው ሥጋ ሲሟሟ ሰውነት ያተኩሳል። መግል ከያዘ ግን ሌላ ነገር ነው። «እስከ ጠዋት በየአራት ሰዓቱ ለኩት፣ ከጨመረ አምጡት» አለች። አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ አነጋሁ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ከወር በኋላ በሲቲ ስካኑ ላይ የዕጢው ቦታ ደም የማይደርስበት ጥቁር ክብ ሆኖ ታየ። ሐኪሟ «ለጊዜው ጥሩ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እናያለን» አለች። ጋሼ ሥዕሉን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ ወደኔ ዞረ።

«አባቴን ስንት ቦታ ተኮሷቸው ነበር ያልኩህ?»

«ሦስት።»

«እሱንም የሆነ ቦታ ጻፈው» አለኝ።