ወፍራም ድምፅ

ሙዚቃ የሚማር ልጅ «ቤዝ ማለት ምን ማለት ነው?» ቢባል «መሠረት» ይላል። ያስተማረው እንዲያ ብሎታል፤ ያስተማረውንም ያስተማረው እንዲያ ነበር የሚለው። ለማመን አይከብድም። በባንድ ውስጥ ከድራሙ ጋር ሆኖ ሌላውን ሁሉ የሚሸከመው ቤዝ ጊታር ነው፤ በዚያ ላይ የሕንፃው ምድር ቤት በየከተማው «ቤዝመንት» ስለሚባል ጆሮ ሁለቱን ቃላት ሳይጠይቅ ያዛምዳቸዋል። ዝምድና ግን የላቸውም። በእንግሊዝኛ ድምፃቸው አንድ፣ አጻጻፋቸው ሁለት የሆኑ ቃላት ናቸው እኛ ዘንድ ሲደርሱ በአንድ ፊደል የተጻፉት። መሠረት የሚባለው «ቤዝ» ከግሪኩ «ባሲስ» የመጣ ነው፤ እርምጃ፣ መርገጫ ማለት ነበር። የጊታሩ ቤዝ ዘሩ ሌላ ነው፤ በጣልያንኛ «ባሶ»፣ ከዚያ በፊት በኋለኛው ዘመን ላቲን «ባሱስ»።

«ባሱስ» መጀመሪያ ወፍራም፣ ድልብ፣ አጭርና ደንዳና ማለት ነበር። ዝቅታው ከአጭርነቱ ተወልዶ ኋላ የዋናውን ትርጉም ቦታ ወሰደ። ዛሬ አውሮፓውያን የቤዝን ድምፅ «ዝቅተኛ»፣ የቫዮሊንን «ከፍተኛ» ይሉታል፤ ድምፅ ለእነሱ የሚወጡትና የሚወርዱት ነገር ነው። አማርኛ ግን እንዲህ አያስብም። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» የተባለ ጎጃሜ ጩኸቱን ይቀንሳል እንጂ ድምፁን አያወፍርም፤ «ከፍ አድርገው» ቢሉት ጨርሶ ይጮኻል። በእኛ አፍ ድምፅ ወይ ቀጭን ነው ወይ ወፍራም፤ ወፍራሙ ሻካራነት ሲታከልበት ጎርናና ይባላል። ላቲን የጣለውን ፍቺ አማርኛ ከማንም ሳይማር በራሱ መንገድ ይዞታል። የቤዝ ጊታርን ክሮች በጣቱ የዳሰሰ ሰው ደግሞ ቋንቋችን ልክ መሆኑን አይጠራጠርም፤ ቀጭኑ ክር ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ወፍራሙ ከ2 ተኩል ይበልጣል። ያ ወፍራሙ ክር ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል።

ይህን የማነሣው ለቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ቤዝ ጊታር ሊገዛ አዲስ አበባ የሚወርድ ወጣት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ሱቅ ሲደርስ ግድግዳው ላይ የሚጠብቁት ስሞች ናቸው፤ ፕሪሲዥን፣ ጃዝ፣ ስኳየር፣ ያማሃ፣ አይባኔዝ። ስም መርጦ ይመለሳል። ስሞቹ ግን ስለ ድምፁ የሚነግሩት ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከየት እንደመጡ ያየ ሰው በእነሱ አይመርጥም።

ከታላቁ እንጀምር። ሊዮ ፌንደር የሚባለው የካሊፎርኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣውን ኤሌክትሪክ ቤዝ «ፕሪሲዥን» ሲለው ልክ፣ ትክክል፣ ያልተዛነፈ ለማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የቤዝ ሥራ የሚሠራው ሰው የሚያህለው ቆሞ የሚመታ ድብል ቤዝ ነበር፤ አንገቱ ልሙጥ ስለሆነ ጣት ትንሽ ሲስት ድምፁ ይዛነፋል። ፌንደር አንገቱ ላይ ብረት ደረደረበት፤ ፍሬት የሚባለው ነው። ጣት ከብረት ብረት ባለው ቦታ የትም ቢያርፍ ድምፁ ብረቱ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ስሙ የሚያወራው ስለ ብረቱ ነው። ዛሬ ሁሉም ቤዝ ማለት ይቻላል ያ ብረት አለው፤ ስሙ ያኔ የለየውን አሁን አይለይም።

«ጃዝ ቤዝ» እ.ኤ.አ. በ1960 ተከተለ። የጃዝ ሰዎች ይወዱታል ተብሎ የወጣለት ስም ነው፤ ሮክ ተጫዋቾች ወስደው የራሳቸው አደረጉት። እውነተኛው ልዩነቱ አንገቱ ላይ ነው። ከላይ በኩል፣ ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው አንገቱን በሚይዙበት ቦታ፣ የጃዙ ስፋት 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የቀድሞው ፕሪሲዥን 44 ይደርስ ነበር። ስድስት ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም ነው፣ ለአጭር ጣት ግን ብዙ ነው። ፕሪሲዥኑ ድምፅ የሚይዝለት ፒካፕ አንድ ነው (ከ1957 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ)፣ ጃዙ ሁለት አለው፤ አንዱ ወደ ክሩ መጨረሻ ስለሚጠጋ ጠርዝ ያለው፣ የሚናከስ ድምፅ ያወጣል። በአማርኛ ባጭሩ፦ ፕሪሲዥን ወፍራም፣ ጃዝ ጎርናና። ካታሎግ ይህን ለመናገር አንድ ገጽ ይፈጃል።

«ጊታር» ራሱስ? ከግሪኩ «ኪታራ» ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ፣ በስፔን «ጊታራ» ሆኖ ወጣ። ኪታራ ግን ጊታር አልነበረም፤ ሁለት ክንድና አንድ ቀንበር ያለው፣ ክራራችንን የሚመስል መሣሪያ ነው። የግሪኩ ስም በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሳይቀር በአረማይክኛው ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል ሰዉ ሲሰግድ ከሚነፋውና ከሚመታው መካከል ነው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ቦታ መሰንቆን፣ ክራርን፣ በገናን አሰልፏል። የግእዝ ተርጓሚዎች ኪታራ የሚል ሲያጋጥማቸው ብዙ ጊዜ «መሰንቆ» ይሉ ነበር፤ «ሰንቀወ» መታ፣ ደረደረ ነውና። ዛሬ መሰንቆ አንድ ክር ኖሮት በደጋን የሚገዘገዘው ነው። ስሙ ከባለ ብዙ ክሩ መሣሪያ ወደ ባለ አንዱ ተሻግሯል ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ኪታራ ስሙን ለሌላ መሣሪያ አውርሶ ሞተ፤ እኛ ዘንድ መሣሪያው በክራርና በበገና ሲኖር ስሙን አዝማሪው ወሰደው።

«ክራር»ን ከ«ክር» የሚያወጡት ብዙዎች ናቸው። ያጓጓል፤ አምስት ወይም ስድስት ክር ያለው ነገር ስሙ ከክር ቢመጣ ማን ይገረማል? እኔ ግን ፊደል ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አላደርግም። ይልቅ ለክር የነበረን ጥንታዊ ቃል የበለጠ ያወራል። ግእዝ «አውታር» ይላል፤ የ«ወትር» ብዜት ነው፣ የተወጠረ ጅማት። መዝሙረ ዳዊት በገናውን በዐሥር አውታሩ ነው የሚጠራው። መወጠር ያለማቋረጥ መዘርጋት ስለሆነም ከዚሁ ዘር «ዘወትር» ወጣ። የዘወትር ጸሎት የሚለው ካህንና «የመገናኛ አውታር» የሚለው ዜና አንባቢ ሳያውቁት አንድ የበገና ክር ይነካሉ።

በገና ላይ ልቆይ፤ ለቤዝ ጆሮ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። በዐቢይ ጾም በጎጃም ደጋ ቤት ውስጥ ሲደረደር ሰምቶ የሚያውቅ፣ ወፍራም ድምፅ ምን እንደሆነ ሌላ ትምህርት አይሻም። የበገናን ክፍሎች ስም ይዘርዝሩ እስቲ። ከላይ ያለው አግዳሚ «ቀንበር» ነው። ሁለቱ ቋሚዎች «ምሰሶ» ናቸው። ድምፅ የሚያስተጋባው ሆዱ «ገበቴ»፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ከፍታ «ብርኩማ» ይባላል። በሬ የሚጠመድበት፣ ቤት የሚቆምበት፣ ሊጥ የሚቦካበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት። የገበሬውን ቤት ዕቃ ሰብስቦ ያቆመው መሣሪያ ይመስላል። ጊታር ግን በሰው አካል ነው የተሰየመው፤ ራስ፣ አንገት፣ ሰውነት አለው። የእኛም ቤዝ ተጫዋቾች «አንገቱ ጠሟል» ይላሉ። አባባሉ ለጎጃም መንገደኛ ቀልድ አይደለም፤ የቤዝ አንገት በደረቅ ሙቀትና በእርጥበት ይጎብጣል። ከደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮንንና ደጀንን በአንድ ቀን ያየ ጊታር ቤት ሲደርስ ውስጡ ያለውን የብረት ዘንግ ማስተካከል ይፈልግ ይሆናል።  

በገናው ብርኩማ ላይ፣ በክሩና በእንጨቱ መካከል፣ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። «እንዚራ» ትባላለች። ያለሷ ክሩ ድም ብሎ ዝም ነው፤ እሷ ስትገባ ክሩ እየነካካት ይንዘዘዛል፣ ያ የበገና ምሬት ይመጣል። የደርዳሪው ችሎታ ግማሹ እሷን በፀጉር ስፋት መግፋትና መሳብ ነው። በግእዝ «ዕንዚራ» ግን ሙሉ የዜማ መሣሪያ ነበር፤ ስሙ ሲያንስ ሲያንስ ቁራጭ ቆዳ ላይ ዐረፈ። ለቤዝ መራጭ እዚህ ነገር አለ። ክር ከፍሬቱ ብረት ጋር ሲነካካ የሚሰማው መንዘዝ በጊታር ጠጋኞች ዘንድ ጉድለት ነው፤ ክሩን ከፍ ያደርጉና ያጠፉታል። በበገና ያደገ ጆሮ ግን ያንን ድምፅ ይወደዋል። እኔ ብሆን ጠጋኙ ከመንካቱ በፊት ደግሜ እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ «ቅኝት»። «ቃኘ» ሁለት ሥራ አለው፤ ክር አስማማ፣ ደግሞም ሰለለ፣ አካባቢ ቃኘ። የራስ መኮንን የፈረስ ስም «አባ ቃኘው» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ «ቃኘው» የተባለው በዚያ ነው። ብዙዎች የክሩን ቅኝት ከስለላው ያወጡታል፤ ክሩን እየዞሩ ማየት ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሌላ አዘነብላለሁ። ግእዝ «ቀነየ» ይላል፤ ገዛ፣ አስገዛ፣ ገራ። ከእሱ «ቅኔ» ወጣ፤ መጀመሪያ አገልግሎት፣ መገዛት፣ ከዚያ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ግጥም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ይህን ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። «ተቀንየ» አማርኛ ሲሆን «ተቀኘ» ሆነ፤ ነ እና የ ተጋጥመው ኘ ወለዱ። እንግዲህ ባለቅኔው ከተቀኘ፣ ክራር መቺው ከቃኘ፣ ልዩነታቸው ያንድ አናባቢና ያንዲት ተ ነው። አንዱ ቃልን ይገራል፣ አንዱ ክርን።

ክራር ላይ ክር መቃኘትና ቅኝት መምረጥ አንድ ሥራ ነው። ፍሬት የለውም፤ ትዝታ ሊዘፍን ያለ ክሮቹን ለትዝታ ይቃኛል፣ ወደ ባቲ ሲያልፍ ደግሞ ይመለስባቸዋል። (ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ጎጃም አልተወከለም፣ ጎጃሜዎችም ስላልተጠየቁ ዝም ብለዋል።) ቤዝ ጊታር ይህን ቃል ለሁለት ሰነጠቀው። ክሮቹ አንዴ ከተቃኙ ሌሊቱን ሙሉ አይነኩም፤ ቅኝት የሚለወጠው በጣት ነው። ዛሬ ተጫዋቹ «ቤዙን ቃኘው» ሲል አንድ ነገር፣ «በአንቺሆዬ ቅኝት ነው» ሲል ሌላ ነገር ይላል።

«ፕሪሲዥን» የሚለው ስም የሚያሳማውም እዚህ ላይ ነው። ፍሬቱ ልክ የሚሆነው ለፒያኖ ልክ ነው፤ ኦክታቩን ለዐሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ ብረቱን ይቸነክራል። ባህላዊው አንቺሆዬ ግን በእኩል ክፍፍል አልተበጀም፤ ዘፋኙና መሰንቆው በብረትና ብረት መካከል ሲያልፉ ቤዙ ብረቱ ላይ ቆሞ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ፍሬት አልባ ቤዝ ነው። በዋናነት የባህል ዘፈን ለሚያጅብ፣ ጆሮውም ለታመነ ሰው፣ እሱን ነው የምመርጥለት። ፈጣኑን የጎጃም ምት ከድራም ጋር ለሚያሯሩጥ ግን ጠባቡ የጃዝ አንገት ይቀላል። የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በማዳመጥ ያደገና የዘፈኑን ወገብ መያዝ የሚፈልግ ወፍራሙን፣ ፕሪሲዥኑን ይውሰድ።

በአዲስ አበባ የባህል ሙዚቃ ቡድኖች የዘረጉት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ቤዝ ክራር። ገበቴው ሰፊ፣ ክሩ ወፍራም፣ ኮረንቲ የተሰጠው ክራር ነው፤ ፍሬት ስለሌለው እንደ ዘፈኑ ይቃኛል። ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ የሚባለው ቡድን ድምፅም በክራር ላይ የቆመ ነው። ጣልያን በተወው «ኮረንቲ» በሚለው ቃል ሩጫ እንዳለ ልብ ይሏል፤ ወራጅ፣ ሯጭ ማለት ነው።

የቀሩት ስሞች የሰው ስሞች ናቸው። «አይባኔዝ» የጃፓን ዕቃ ሲሆን ስሙ ሳልቫዶር ኢባኜዝ ከሚባል የስፔን ጊታር ሠሪ ተወሰደ። «ያማሃ» ቶራኩሱ ያማሃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 በእግር የሚረገጥ ኦርጋን በመጠገን ጀመረ። እኛ በሞተር ብስክሌቱ ያወቅነው ምልክት ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ናቸው። «ስኳየር» ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ክር ይሠራ የነበረ የቪክቶር ካሮል ስኳየር ስም ነው። የፌንደር ኩባንያ የስኳየርን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1965 ገዛ፤ በ1982 ስሙን አንሥቶ ርካሽ ጊታሮቹ ላይ ለጠፈው። የቤተሰቡ ስም በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ስኩታሪዩስ» ይመጣል፤ ጋሻ ያዥ፣ በአማርኛችን ጋሻ ጃግሬ። ፌንደር ጌታው፣ ስኳየር ጋሻ ጃግሬው፤ ሱቅ ውስጥም ጎን ለጎን የሚሰቀሉት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ለጀማሪ ጋሻ ጃግሬው ይበቃል። በዋጋ የሚተርፈውን ብር ወደ ድምፅ ማጉያው ማዞር ይሻላል፤ በሴኮንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበው ክር በትንሽ ስፒከር ሲወጣ፣ ጊታሩ ፌንደርም ቢሆን፣ የሚሰማው ቀጭን ነው።