የማይረጋ ሕፃን በቄስ ትምህርት ቤትና በግል መዋዕለ ሕፃናት፤ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን

ልጁን መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባት የሚያስብ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ክፍያውና ስለ መንገዱ ርቀት ነው። ልጁ አንድ ቦታ የማይረጋ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ የሚዘል የሆነ እንደ ሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ «ይህን ልጅ ማን ይችለዋል?» ጥያቄው አዲስ ቢመስልም ታሪክ ያለው ስለ ሆነ ከሥሩ ልንመረምረው ወደድን።

ወላጅ ከፍሎ የሚያስተምርበት የሕፃናት ትምህርት ቤት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በቆረቆሯት በደብረ ብርሃንም ሆነ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805-1840 ዓ.ም.) መናገሻ በነበረችው በአንኮበር፣ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ከየኔታ እግር ሥር ነበር። ወላጅ ለየኔታ እህል ወይም ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ ልጁ ዳዊት ሲደግም ይደገሳል።

አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ ለማይረጋ ልጅ የሚስማማ ብዙ ነገር አለበት። አንዱ ሀሁ፣ አንዱ አቡጊዳ፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ይዞ እያንዳንዱ የራሱን ጮኾ ያነባል። ዓይን እንዳይባዝን ፊደሉ በስንደዶ አንድ በአንድ ይነካል። ሰውነትን እየወዘወዙ ማንበብ ነውር አይደለም። የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ያስጠናል። ክፍል ስለሌለም ክፍል መድገም የሚባል ነገር የለም።

ይህን ስንል አለንጋውን አንረሳም (ከእኛም መካከል የቀመሰው አለ)። ቅብጥብጡ ልጅ ይገረፍ የነበረው መቅበጥበጡ እንደ ክፉ ጠባይ ስለ ተቈጠረ ነው። በዚህም የኔታ ብቻቸውን አይወቀሱም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል እንኳ በ1902 እ.ኤ.አ. በለንደን ስለ እንደዚህ ያሉ ልጆች ሲናገሩ ነገሩን የግብረ ገብ ጉድለት አድርገውት ነበር። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ትኩረትን የመሰብሰብ ችግር ተብሎ የተጻፈው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

በእኛ አገር የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ በኋላ መዋዕለ ሕፃናትን ማቋቋም አብዛኛውን ለግል ባለሀብትና ለድርጅቶች የተተወ ሥራ ሆነ። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት ቢወጣም፣ የወረቀቱ ቃል ከክፍሉ በር እስኪገባ ብዙ ይቈያል። እንደ እኛ አስተያየት፣ አንዳንዱ የግል ትምህርት ቤት ከየኔታ የወረሰው ቁጣውን እንጂ እያንዳንዱን ልጅ በየእርምጃው ማስተማሩን አይደለም። ሁሉም በአንድነት ደብተር ይሞላል፤ ጸጥ ብሎ መቀመጥ እንደ ዕውቀት ይቈጠራል።

ስለዚህ ወላጅ የግድግዳውን ሥዕል ትቶ ይህን ይጠይቅ፤ ለአንድ አስተማሪ ስንት ልጅ ይደርሳል? ረዳት አለች ወይ? ትምህርቱ አጫጭር ሆኖ በመካከሉ ሜዳ ይወጣሉ? ልጁ ከመቀመጫው ቢነሣ ምን ይደረጋል? ኀላፊው «እዚህ ሕፃን ሁሉ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል» ብለው የኰሩ እንደ ሆነ፣ እኛ ብንሆን ልጁን ይዘን ወደ ሌላ በር እንሄድ ነበር።