መርማሪውን ማን ይመርምረው? የጋዝ ቧንቧ የውስጥ ምርመራ ታሪክ በአጭሩ

የተፈጥሮ ጋዝ የሚጓዝበት የብረት ቧንቧ አንድ ጊዜ ከተቀበረ በኋላ ከዓይን ይሰወራል። ከላዩ እርሻ ይታረሳል፣ ቤት ይሠራል፤ ከታች ግን ብረቱ ቀስ በቀስ በዝገት ይበላል፣ ወይም ይሰነጠቃል። ስለሆነም ቧንቧውን ሳይቆፍሩ ከውስጥ የመመርመር ዘዴ መፈለግ የምሕንድስና ሙያ ከባድ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የመሣሪያዎቹን መፈልሰፍ ብቻ ሳይሆን፣ መርማሪው ራሱ እንዴት እንደሚመረመር ጭምር ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተሰጥተዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ 1965 ሁለት ጊዜ ይጠቀሳል። በዚያ ዓመት በሉዊዚያና፣ በናኪቲሽ ከተማ አጠገብ፣ የቴኔሲ ጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ 17 ሰዎች ሞቱ፤ ጥፋቱን ያመጣው ዝገትና ውጥረት ተባብረው የፈጠሩት ስንጥቅ ነበር። በዚያው ዓመት ቱቦስኮፕ የተባለው ኩባንያ «ሊናሎግ» የተሰኘውን መርማሪ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በቧንቧው ውስጥ በሚያልፈው ፍሰት እየተገፋ የሚሄደው ይህ መሣሪያ ግድግዳውን በማግኔት ኃይል ይሞላዋል፤ ብረቱ በሳሳበት ቦታ የማግኔቱ መስመር ያፈተልካል፤ ያንንም ይመዘግባል። የመጀመሪያው ሞዴል የሚያየው የቧንቧውን የታችኛውን ሩብ ብቻ ነበር። ከዚህ የከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ የማግኔቱ መስመር በቧንቧው ርዝመት ስለሚሄድ፣ በዚያው አቅጣጫ የተዘረጋ ቀጭን ስንጥቅ እምብዛም አያውከውም። እንግዲህ አዲሱ መሣሪያ በናኪቲሽ ሕይወት የቀጠፈውን ዓይነት ስንጥቅ ለማየት የሚበቃ አልነበረም።

በ1970ዎቹ ብሪቲሽ ጋዝ በእንግሊዝ አገር ይህንኑ የማግኔት ዘዴ አሻሽሎ የዝገቱን ጥልቀት በተሻለ ሁኔታ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ስንጥቅን ለመፈለግ አልትራሳውንድ ተመራጭ ቢሆንም፣ ድምፁን ከመሣሪያው ወደ ብረቱ ለማሻገር ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ጋዝ ይህን አገልግሎት አይሰጥም። መፍትሔ የሆነው ድምፁን በማግኔትና በኤሌክትሪክ ኃይል በራሱ በብረቱ ውስጥ መፍጠር ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው «ጉድለት የለም» ሲል በምን እናምነዋለን? ለዚህ የተገኘው ፈተና ቀላል ነው። በቧንቧ ላይ ልካቸው የታወቀ ጉድለቶች ይቀረጻሉ፤ መሣሪያው በገመድ እየተጎተተ ያልፋል፤ የመሣሪያው ባለቤት ጉድለቶቹ የት እንዳሉ ሳይነገረው ያየውን ያስታውቃል። በኦሃዮ የሚገኘው የባተል ተቋም የፈተና ጣቢያ እንዲህ ላለው ሥራ አገልግሏል። ያልታየ ጉድለት ሕይወት ያጠፋል፤ በሐሰት የተመዘገበ ጉድለት ደግሞ በከንቱ ያስቆፍራል። በተጨማሪም በማሽን የተቀረጸ ጉድጓድ ጠርዙ የተስተካከለ ሲሆን የተፈጥሮ ዝገት ግን መልኩ ዝብርቅርቅ ነው፤ ስለዚህ ከመስክ ተቆፍሮ የወጣ ብረት ያልዳኘው ፈተና ሙሉ አይባልም።

መሣሪያው ጨርሶ የማይገባባቸው ቧንቧዎችም አሉ። በ2000 በኒው ሜክሲኮ፣ በካርልስባድ አቅራቢያ፣ ከውስጥ በዝገት የተበላ ቧንቧ ፈንድቶ 12 ሰዎች ሞቱ። በ2010 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ብሩኖ፣ በ1956 የተቀበረና ብየዳው ጉድለት ያለበት ቧንቧ ፈንድቶ 8 ሰዎችን ገደለ። ሁለቱም ቧንቧዎች መርማሪ መሣሪያ እንደ ልብ የሚያልፍባቸው አልነበሩም። በጋዙ ግፊት ሳይሆን በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ፣ በጠባብ መታጠፊያ የሚያልፉ ሮቦቶች የተሠሩት ለእንዲህ ያሉት ቧንቧዎች ነው።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይምሰለን። የናኪቲሹ ቧንቧ ባለቤት እናት ኩባንያ በኋላ ቴኔኮ ተብሎ፣ በ1970ዎቹ በኦጋዴን የካሉብን ጋዝ ያገኘው እርሱ ነው። የጋዝ ቧንቧ ንድፍ በእጁ የሚገባ የሙያ ባልደረባችን መታጠፊያውንና ቫልቩን ሲወስን፣ መርማሪው የሚገባበትን በር አብሮ ሊያስብ ይገባል፤ በወረቀት ላይ የተዘጋ በር ከተቀበረ በኋላ የሚከፈተው በብዙ ድካምና ወጪ ነውና።