ያልታተመው የወሎ ፈረስ ዘር

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ቨርጂኒያ፣ ጥሩ ድንጉላ ፈረስ ያለው ሰው ለባዝራ ባለቤቶች በጋዜጣ ያስነግር ነበር። የፈረሱ ስም፣ የአባቱና የእናቱ ዘር፣ ለአንዲት ባዝራ የሚከፈለው ዋጋ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ1756 ገደማ ከእንግሊዝ የተወሰደው ጀነስ የሚባለው ድንጉላ ዘሩ ዛሬም የሚቆጠር ነው። በአውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ1823 በፓራማታ የግብርና ትርኢት ተጀመረ። በእንዲህ ዓይነት ትርኢት የተሸለመ የሠረገላ ድንጉላ ሽልማቱ ከዘሩ ጋር ተጽፎ ለእርባታ ይቀርብ ነበር።

የወሎን ፈረስ ታሪክ የሚከታተል ሰው ግን ዱካውን ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። በዚህ አገር የፈረሱን ስም በአደባባይ የሚሸከመው ጌታው ራሱ ነበር። ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ይባላሉ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አባ ጤና። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። በፉከራ፣ በግብር ላይና በለቅሶ የሚነሣው ይኸው ስም ነው። የፈረሱ አባትና እናት ግን ማን እንደነበሩ አብሮ አይነገርም። ዝናው ለጌታው ተላለፈ፤ የዘሩ ሐረግ ከአርቢዎቹ ጋር ቀረ። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ስለ እርባታው ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ የፖርቱጋላዊው ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬሽ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲቆይ በአንጎትና በቤተ አማራ፣ ማለትም በዛሬው ወሎ ምድር፣ አልፏል። የአገሩን ፈረስ ብዛት አይቶ፣ ከግብፅና ከዐረብ የሚመጡትን ግን አብልጦ ያመሰግናል። መኳንንቱ ከእነዚህ ዘር ያስወልዱ እንደነበር፣ ግልገሉንም ከእናቱ ቶሎ ለይተው በላም ወተት ያሳድጉት እንደነበር ጽፏል። ላም ለፈረስ ግልገል የሚመድብ ቤት ለዘሩ ምን ያህል ዋጋ እንደሚሰጥ መገመት አያስቸግርም።

ባዝራ ያለው ገበሬ ግን ሌላም ምርጫ ነበረው። ባዝራዋን ከድንጉላ ፈረስ ቢያገናኛት ፈረስ ያገኛል፤ ከድንጉላ አህያ ቢያገናኛት ግን በቅሎ። በቅሎ ገደሉን በጥንቃቄ የምትወጣ፣ ጭነትም ሰውም የምትሸከም፣ ቀሳውስትና ወይዛዝርት የሚቀመጡባት፣ በገበያም ብዙ ጊዜ ከፈረስ የምትወደድ ናት። ጦረኛው እንኳ መንገዱን በበቅሎ ተጉዞ፣ ፈረሱን እያስሳበ ወስዶ፣ የሚጫነው ለውጊያ ነው። እንደ እኔ ግምት የፈረስን ዘር ተፈላጊ አድርጎ ያቆየው ይህ የጦርነት ፍላጎት ነው። ሰላም በበዛ ቁጥር ገበሬው ወደ በቅሎው ያደላል።

የፈረሱ ክብር ከፍ ብሎ የታየው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነው። ያን ጊዜ ራስ የነበሩት የሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች በማርያም ሸዊቶ በኩል የጣሊያኑን ጄኔራል ዳቦርሚዳን ከገጠመው ሠራዊት ጋር ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ ግን፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ በተደረገው ውጊያ፣ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። ያን ዕለት መትረየስ ተተኩሷል፤ ለመትረየስ የፈረስ ዘር ምንም አይፈይድም።

ሠረገላውስ? ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ ላይ የታየው ሠረገላ ቀድሞ የጀርመኑ ካይዘር ዳግማዊ ቪልሄልም ነበር፤ የሳቡትም ከአውሮፓ የመጡ ፈረሶች ናቸው። በዚያው ዕለት ዘውድ የጫኑት እቴጌ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናቸው። የአባ ሻንቆ የልጅ ልጅ በነገሡበት ቀን ሠረገላ የሚስብ የወሎ ፈረስ አልተፈለገም። ለጦር የተመረጠ ቀላልና ፈጣን ፈረስ ከባድ ሠረገላ እንዲጎትት አልተዘጋጀም። በጦሳ ተዳፋት ላይ በተሠራችው ደሴም ለሠረገላ የሚሆን መንገድ አልነበረም።

መንገዱን የሠራው ወራሪው ነው። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ገባባት። ከአስመራ በደሴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከኮምቦልቻም ወደ አሰብ የተዘረጉት ጎዳናዎች ግን የተሠሩት ለካሚዮን ነው። በሌላው ዓለም የሠረገላ ፈረስ ሞተር እስኪመጣ ድረስ የራሱ ዘመን ነበረው። እዚህ ሞተሩ ቀደመው።

ፈረስ ከጎማ ጋር የተገናኘው በጋሪ ነው። በቦርከና ሜዳ ላይ የተዘረጋችው ኮምቦልቻ ለጋሪ ትመቻለች፤ ዳገታማዋ ደሴ ግን ፈረሱን ታደክማለች። የጋሪ ፈረስ የሚመጣው ከደጋው ገበሬ ነው፤ የሚመረጠውም በጥርሱ፣ በኮቴውና በጀርባው ነው። ባለጋሪው ስለ ፈረሱ አባት አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልሱ ያለው ያንን ግልገል ባስወለደው ገበሬ ዘንድ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ እስካሁን ሄዶ የመዘገበለት የለም።