ከሰላምታው በኋላ

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ባለፈው ዓመት ኢሜይል ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው?» ይላል መጀመሪያው። ደስ አለኝ፤ ማታ ረጋ ብዬ አነበዋለሁ ብዬ ተውኩት። ማታው ሳምንት ሆነ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ለትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ለምናኛለች፤ ቀኑ እስከ ዓርብ ብቻ ነበር። ያየሁት ዓርብ ካለፈ በኋላ ነው። ስደውልላት «ምንም አይደል» አለችኝ፤ ድምጿ ግን ሌላ ይል ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ይሁንና እንዲያ መጻፍን ያወረስናት እኛው ነን፤ ለኛ ደግሞ አያቶቻችን። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ መንግሥት ደብዳቤዎችን ያገላበጠ ያውቀዋል፦ የሥላሴ ስም፣ የላኪው ማዕረግ፣ «ይድረስ ከ» እገሌ (ይህ «ከ» የዛሬው «ለ» መሆኑ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያደናግር ነበር)፣ የጤና ጥያቄ፣ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ»፣ ከዚያ በኋላ ጉዳይ። ሰላምታው ከንቱ አልነበረም። ደብዳቤ ወራት ተጉዞ በሚደርስበት ዘመን የላኪው ደኅንነት ራሱ ወሬ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ሰላምታው አጭር ነው። ከዚያ ግን ስለ አባቶቻቸው፣ ስለ ዙፋናቸው፣ ስለ ሟቾቹ ወዳጆቻቸው ስለ ፕላውዴንና ስለ ቤል ይተርካሉ። መልእክተኞች ሊልኩ መፈለጋቸውና ቱርኮች መንገዱን መዝጋታቸው የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ደብዳቤው በቆንስል ካሜሮን በኩል ለንደን ደረሰ፤ መልስ ጠፋ። ንጉሡ ዝምታውን ንቀት አድርገው ቆጠሩት፤ በ1856 ካሜሮንን አሰሩ። የንግሥቲቱ መልስ በራሳም እጅ የደረሳቸው በ1858 ነው። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ሆነ።

አከፋፈቱ ነው የጎዳቸው ማለቴ አይደለም። የለንደን ሹማምንት ደብዳቤውን መደርደሪያ ላይ የተዉት ከቸልተኝነት ነው፤ ማንበብ ያልፈለገን ሰው የትኛውም መክፈቻ አያስነብበውም። እኔ ግን ልጅቷን ልረዳት እፈልግ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

የመሥሪያ ቤት ጽሕፈታችን እኮ ዘዴውን ካወቀ ቆይቷል። ከተቀባዩ ስም ሥር «ጉዳዩ፦» ተብሎ ይጻፍና ይሰመርበታል፤ አለቃው ሌላውን ባያነብ እንኳ ያችን ያያል። በደርግ ጊዜ «አቶ» ወደ «ጓድ»፣ መዝጊያውም ወደ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ሲለወጥ ያቺ መስመር ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ኢሜይል ደግሞ ለሷው ቦታ አዘጋጅቶ ይጠብቀናል። እኛ እዚያ ላይ «ሰላም» ብለን እንጽፋለን! አንዳንዱማ ባዶውን ይልከዋል።

ሰላምታውን ጣሉት አልልም፤ ለኛ ሰው በቀጥታ «እስከ ዓርብ ይህን ላክ» ማለት ትእዛዝ ይሆንበታል። አንድ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የሚፈለገው ነገርና ቀኑ፤ ታሪኩ ከሥር ይከተል።

ዘንድሮ ልጅቷ እንደገና አመለከተች። የርእሱ ቦታ ላይ «የድጋፍ ደብዳቤ፣ እስከ ረቡዕ» ይላል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ማክሰኞ ላክሁላት። ስለ ጉልበቴም ትንሽ ጻፍኩላት።