ከጦር እስከ ሳተላይት፦ የአዳኝ አዕዋፍን የመፀው ጉዞ የመከታተል ታሪክ

አዕዋፍ በየዓመቱ ወራታቸውን ጠብቀው እንደሚመጡና ወራታቸውን ጠብቀው እንደሚሄዱ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲያስተውል ኖሯል። ለብዙ ዘመን መልስ ያጣው ጥያቄ ከወዴት ይመጣሉ፣ ወዴትስ ይሄዳሉ የሚለው ነበር። በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር፣ አንዳንድ ወፎች የብርዱን ወራት በሐይቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ያሳልፋሉ የሚል እምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን በሰሜን ጀርመን፣ በክሉትዝ አቅራቢያ አንድ ሽመላ ተተኩሶ ወደቀ። አንገቱን የበሳ ጦር እንደ ተሸከመ ነበር፤ ጦሩም ሲመረመር የአፍሪካ ሰው ሥራ ሆኖ ተገኘ። ያ ሽመላ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ስለ አዕዋፍ ጉዞ ከተገኙት የመጀመሪያ የማያጠራጥሩ ማስረጃዎች አንዱ የመግደያ መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ይህ እንግዳ አጋጣሚ ቢመስልም፣ ከዚያ ወዲህ በነበረው ታሪክ ሁሉ ስለ ጉዞ የተገኘው ዕውቀትና ስለ ሞት የተገኘው ዕውቀት ብዙውን ጊዜ ተያይዘው መጥተዋል።

በ1899 በዳንማርክ የቪቦርግ ከተማ መምህር የነበረው ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን፣ ቁጥርና አድራሻ የተጻፈባቸውን የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ ማሠር ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላም ዮሐንስ ቲነማን በባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ በሮሲተን፣ የአዕዋፍ ጥናት ጣቢያ አቋቋመና ዘዴውን በሰፊው ሥራ ላይ አዋለው። ይሁን እንጂ ቀለበት የሚናገረው ስለ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ይኸውም ወፉ የታሠረበትና የተገኘበት። በመካከሉ ያለው መንገድ ሁሉ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በተለይም ንስርንና ጭልፊትን የመሳሰሉ አዳኝ አዕዋፍ ዳግመኛ በቀላሉ የማይያዙ በመሆናቸው፣ ቀለበታቸው በአብዛኛው የሚነበበው ከሞቱ በኋላ ነበር።

መንገዱን በዓይን ለመከታተል የተመቸው ቦታ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ነው። ትላልቅ አዳኝ አዕዋፍ ክንፋቸውን ከማርገብገብ ይልቅ ከጋለ መሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ ይጓዛሉ። እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ባሕሩ በጠበበበት ሥፍራ ተሰብስበው ይሻገራሉ። በ1987 የመፀው ወራት በባብ ኤል መንደብ በጅቡቲ በኩል በተካሄደ ቆጠራ፣ ከአረብ ምድር ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ የታዩት አዳኝ አዕዋፍ ከ240,000 በላይ ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ከ70,000 የማያንሱት ከመካከለኛው እስያ ሜዳማ አገሮች የሚመጡት የእስቴፕ ንስሮች ናቸው። ቆጠራው የጉዞውን ታላቅነት አሳየ፤ ነገር ግን ከቈጣሪው ዓይን ያለፈው ንስር የት እንደ ደረሰ ሊናገር አልቻለም።

ይህን ክፍተት የሞላው በ1978 በፈረንሳይና በአሜሪካ የጠፈርና የአየር ጠባይ ድርጅቶች ትብብር የተመሠረተው አርጎስ የተባለው የሳተላይት ሥርዓት ነው። በወፉ ጀርባ ላይ የሚታሠረው ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ምልክት ይልካል። ሳተላይቱ ወደ መሣሪያው ሲቀርብ የምልክቱ ሞገድ ድግግሞሽ ከፍ፣ ሲርቅ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ከዚህ ልዩነትም የወፉ ቦታ ይሰላል። በመጀመሪያ መሣሪያው ከባድ ስለነበረ ሊሸከሙት የሚችሉት ታላላቆቹ ብቻ ነበሩ፤ በ1984 በአሜሪካ አንድ ባለ ነጭ ራስ ንስር በዚህ ዘዴ ተከታተሉት። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሆነ፤ ክብደቱም እስከ 5 ግራም ወረደ። በዚህም ሳቢያ ቀድሞ ያልታሰበ ነገር ተገለጠ። ለምሳሌ ያህል፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ተይዘው መሣሪያ የታሠረላቸው የእስቴፕ ንስሮች በመፀው በባብ ኤል መንደብ ወደ አፍሪካ ገብተው፣ በሚመለሱበት ጊዜ ግን በስዊዝ በኩል እንደሚያልፉ ታወቀ።

የዘዴው ትልቁ ፈተና የመጣው ከአሜሪካ ነው። የስዌንሰን ጭልፊት በሰሜን አሜሪካ ይራባል፤ መፀው ሲገባም ወደ ደቡብ ይጓዛል። በካሊፎርኒያ የሚመለሱት ቁጥር ለምን እንደሚያንስ ያሳሰበው ብራያን ውድብሪጅ የተባለ ባለሙያ፣ በ1994 ለጥቂት ጭልፊቶች መሣሪያ አሠረላቸው። ምልክቱ እስከ አርጀንቲና፣ እስከ ላ ፓምፓ አደረሰው። ባለሙያዎች ቦታው ድረስ ሄደው ያገኙት ግን በመቶ የሚቈጠሩ የሞቱ ጭልፊቶችን ነበር። ገበሬዎቹ በአልፋልፋና በሱፍ ማሳቸው ላይ የወረደውን አንበጣ ለማጥፋት ሞኖክሮቶፎስ የተባለ መርዝ ይረጩ ነበር፤ ጭልፊቶቹም በዚያ ወራት ዋና ምግባቸው አንበጣ ነው። በ1995 እና በ1996 መካከል በነበረው አንድ ወቅት የተቈጠረው ሬሳ ብቻ ከ5,000 በላይ ሲሆን፣ የሞቱት በጠቅላላው ወደ 20,000 እንደሚደርሱ ተገመተ። ጭልፊቱ በአገሩ ቋንቋ የአንበጣ ወፍ ተብሎ የሚጠራ የገበሬው ወዳጅ ነበርና፣ ሊገድለው ያሰበ ማንም አልነበረም። ነገሩ እንደ ታወቀ መንግሥት፣ አምራቾችና ገበሬዎች ተመካከሩ፤ መርዙ ከአካባቢው ተሰበሰበ፤ በተከታዩ ወቅትም እልቂቱ እጅግ ቀነሰ።

ሆኖም ማወቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ለዚህ የፖርት ሱዳን ታሪክ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ በዚያ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የኤሌክትሪክ መሥመር ነበር። ወደ አፍሪካ የሚያልፉ የግብፅ ጥንብ አንሳዎች በምሰሶዎቹ ላይ ሲያርፉ፣ ክንፋቸው ከሽቦው ጋር እየተገናኘ በኤሌክትሪክ ይሞቱ ነበር። ይህ በ1982 በባለሙያ ታይቶ ተመዝግቧል። በ2010 ሌሎች ተመራማሪዎች መሥመሩን በእግር ሲከተሉ ሬሳዎቹን አሁንም ከምሰሶዎቹ ሥር አገኙ። መሥመሩ የተቋረጠው በ2014 ነው። ችግሩ ከተመዘገበ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ያለፈው ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን፣ ዕውቀቱን ይዞ ባለቤቱን የሚጠይቅ ሰው በመጥፋቱ ነው። የዚያ ወፍ ዝርያ ግን በ2007 የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው መካከል ተመዝግቦ ነበር።

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በናጋላንድ የሆነው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከሳይቤሪያና ከሰሜን ቻይና የሚመጡት የአሙር ጭልፊቶች በመፀው በዶያንግ ግድብ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በ2012 መንደርተኞች በመረብ እየያዙ በቀን ከ12,000 የማያንሱትን እንደሚገድሉ ተገመተ። ይህን ያሳየው ሳተላይት አልነበረም፤ በሥፍራው የተገኙ ሰዎች ዓይንና ካሜራ ነው። በ2013 ግን መረቡ ተጠቀለለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለሦስት ጭልፊቶች መሣሪያ ሲታሠርላቸው ናጋ፣ ወኻና ፓንግቲ ተብለው በአካባቢው ስም ተጠሩ። መንደርተኞቹም ስማቸውን የያዙት ወፎች የዓረቢያን ባሕር ያለ ዕረፍት አቋርጠው ወደ ሶማሊያ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ሰሙ። እዚህ ላይ መሣሪያው ያስገኘው ትልቁ ጥቅም የወፉን ቦታ ማመልከቱ አይደለም፤ ትናንት ሥጋ ብቻ የነበረውን ፍጡር ስምና መንገድ ያለው እንግዳ ማድረጉ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ለኢትዮጵያ የሩቅ ነገር አይደለም። በባብ ኤል መንደብ የሚገቡት ንስሮች በስምጥ ሸለቆ በኩል ይወርዳሉ፤ ከባልካን አገሮች የሚመጡት የግብፅ ጥንብ አንሳዎችም በአፋር ቈላ በብዛት ተሰብስበው ይከርማሉ። በአውሮፓ ጐጆ የተሠራለት፣ የተጠበቀና ቁጥር የተሰጠው ወፍ፣ የዓመቱን ግማሽ ያህል የሚኖረው በዚህ ምድር ነው። የኤሌክትሪክ መሥመር ወደ ገጠሩ በተስፋፋ ቁጥር፣ የምሰሶውን ቅርጽ የሚመርጠው መሐንዲስና የተባይ መድኃኒቱን የሚያዘው የግብርና ባለሙያ፣ ሳያስቡት የዚህ ጉዞ ተካፋይ ይሆናሉ።

ሳተላይት አንድ ወፍ ከአንድ ቦታ መንቀሳቀሱን ማቆሙን ሊያሳውቅ ይችላል። ዐርፎ እንደ ሆነ፣ ተመርዞ እንደ ሆነ ወይም ከምሰሶ ሥር ወድቆ እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቀው ግን ወደ ሥፍራው የሚሄድ ሰው ነው። ላ ፓምፓ ድረስ የሄደ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ የጭልፊቶቹ ምልክት በካርታ ላይ የቆመ ነጥብ ሆኖ በቀረ ነበር። ስለሆነም በጉዞው መሥመር ላይ በሚገኝ አገር የሚሠራ ባለሙያ ድርሻው ግልጽ ነው፤ ምልክቱ ሲቆም ሄዶ ማየት፣ ያየውን መመዝገብ፣ የመዘገበውንም ለሚመለከተው ክፍል አድርሶ ምላሹን መከታተል ነው።