የዘፋኙ ድካምና የሰሚው ዕዳ

በይፋግ ሠርግ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲዘፍን፥ ደስ ያሰኘው ሁሉ በግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ሰሚና ዘፋኝ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ዕዳው እዚያው ይከፈላል። ነገር ግን ዘፈን በሸክላ፥ በካሴት፥ ዛሬም በስልክ ካገር አገር ሲሄድ ባለቤቱ አብሮት አይሄድም። እንግዲህ የድካሙን ዋጋ ማን ይሰጠዋል?

ባለቤቱ ስለማይታይ ዘፈን ኤውሮፓውያን ብዙ ተከራክረዋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1847 ዓ.ም. ኤርነስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ደራሲ በፓሪዝ ከተማ ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ የገዛ ድርሰቱን ሲጫወቱት ሰማ። ለድርሰቴ ካልተከፈለኝ እኔም ለመጠጡ አልከፍልም ብሎ ተሟገተ፤ ፍርድ ቤትም ፈረደለት። በ1851 የደራስያንን ዋጋ የሚሰበስብ ሳሴም የሚባል ማኅበር ተቋቋመ።

ከዘፋኙ ኋላ ተቀምጦ መሣሪያ የሚጫወተው ግን ተረስቶ ቈየ። እርሱ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሰናበታል፤ ሸክላው ግን ዘመኑን ሙሉ ይሸጣል። የኤውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ፥ የተቀዳ ሙዚቃ ጥበቃ ከ50 ዓመት ወደ 70 እንዲራዘም፥ አሳታሚውም በተጨመሩት ዓመታት ከሚያገኘው ገቢ ከመቶ 20 እጁን ለእነዚህ ተጫዋቾች እንዲመድብ አዘዘ። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም በ20 ዓመቱ የተጫወተ ሰው ይህን ድርሻ የሚያየው 70 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ጥርስ ካለቀ በኋላ የመጣ ቆሎ ማለት ይህ ነው። ቈይቶም በ2019 የወጣው መመሪያ ለደራሲውና ለተጫዋቹ ተገቢና ተመጣጣኝ ዋጋ እንዲከፈል ደነገገ።

አገራችንም ሕግ አላጣችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትንና የኪነ ጥበብን ባለቤትነት አወቀ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋቹ የ50 ዓመት ጥበቃ ሰጠ፤ አዋጅ ቁጥር 872/2007ም ባለመብቶች በማኅበር ሆነው ክፍያቸውን እንዲሰበስቡ መንገድ ከፈተ።

ይሁን እንጂ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ሕግ በየቤቱ ገብቶ ስልካችሁን አይፈትሽም። በሠርግ መካከል ካዝማሪው ግንባር ላይ ብር የሚመነትፍ ቢገኝ ሠርገኛው ሁሉ ይጮኽበታል፤ ዘፈኑን ያለ ፈቃድ ገልብጦ የሚሸጠውን ግን ብልኅ ነው እንለዋለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ተብሏል። ስለዚህ የማታዩትን ባለ ድካም በፊታችሁ እንደ ቆመ ቍጠሩትና ዕዳውን ክፈሉት።